«ሌላውስ የት አለ?»

ኪሴን አስገለበጠኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጆች አሳድጌ ዩኒቨርሲቲ የላክሁ ሰው፣ ሜዳ ላይ ቆሜ ኪሴን ገለበጥኩ። እጄን እንኳን ሳልታጠብ ነው ይህን የምጽፈው። ታጥቤ፣ ቡና ጠጥቼ ብጽፈው ጨዋ ሆኜ እቀርባለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ጨዋነት አላሰኘኝም።

ያን ቤት ታውቁታላችሁ፤ ሎውደን አውራጃ ያለውን፣ ፎቶውን ስለጥፍ «ጎተራ ነው ወይስ ቤት?» እያላችሁ የሳቃችሁበትን። ቨርጂኒያ ገና የእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት ሳለች፣ እ.ኤ.አ. ከ1776 በፊት የተሠራ ነው። ባለቤቲቱ አሮጊት ግቢውን በብረት መፈለጊያ መሣሪያ እንድፈትሽ በጽሑፍ ፈቅደውልኛል፤ የፈረሙበት ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ ከቦርሳዬ አይለይም። ውላችንም ግልጽ ነው፤ ያገኘሁትን ሁሉ አሳያቸዋለሁ፣ የፈለጉትን ያስቀራሉ፣ ዋጋ የሚያወጣ ነገር ከተገኘ እኩል እንካፈላለን።

ዛሬ እርሳቸው ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። የወንድማቸው ልጅ ነኝ የሚል ጎልማሳ ፒክአፕ መኪናውን ሣሩ ላይ አቁሞ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኖ መቅረጽ ጀመረ። ሰላምታ የለም፣ እንደምን ዋልክ የለም። እኔ ደግሞ የመሣሪያውን የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ አጎንብሻለሁ፤ ለካስ ሰውየው ሲጮህብኝ ቆይቷል።

«እዚህ ምን ትፈልጋለህ?»

«ብረት» አልኩት።

«ምን ዓይነት ብረት?»

«መሬቱ የሰጠኝን።»

መልሴ አልጣመውም መሰለኝ። ወረቀቱን አወጣሁለት። አላየውም። «አክስቴ በዚህ ዕድሜዋ ምን እንደፈረመች አታስታውስም» አለኝ። አክስቱ የልጆቼን ስም ከነትምህርት ክፍላቸው ያስታውሳሉ! የረሱት ነገር ቢኖር እንዲህ ያለ የወንድም ልጅ እንዳላቸው ለእኔ መንገር ነው።

«የያዝከውን አሳየኝ።»

የወገቤን ከረጢት ፈትቼ ጨርቅ ላይ ዘረገፍኩለት። ምስማር። ምስማር። የቢራ ጣሳ መክፈቻ ቀለበት። የተጨፈለቀ የእርሳስ ጥይት። የማረሻ ይሁን የበር ማጠፊያ ያልለየለት ዝገት። አሁንም ምስማር። ከዚያ መካከል አንድ ጠፍጣፋ የናስ አዝራር፣ በስተኋላው የሚሰፋበት ቀለበት እንኳን ያልተሰበረ። ሁሉንም በጫማው ጫፍ አገላበጠው። በጫማው! ከዚያ ቀና ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሌላውስ የት አለ?»

«ሌላ የለም።»

«ከጠዋት ጀምሮ ይህን ብቻ?»

«ይህን ብቻ።»

«ሰው ለምስማር ብሎ ከአሌክሳንድሪያ እዚህ ድረስ አይነዳም።»

«እኔ እነዳለሁ።»

«ኪስህን ገልብጥ፣ አለበለዚያ ፖሊስ እጠራለሁ።»

ገለበጥኩ። ለምን ገለበጥክ የምትሉኝ ጀግኖች፣ ጥቁር ሆናችሁ፣ ብቻችሁን፣ በሰው እርሻ መካከል፣ አካፋ ይዛችሁ፣ ካሜራ ተደቅኖባችሁ ፖሊስ ሲጠራባችሁ ምን እንደምታደርጉ ያን ጊዜ እናያለን። የወጣው የመኪና ቁልፍ፣ የማስቲካ ወረቀት እና የእንጀራ መደብር ደረሰኝ ነው። ደረሰኙን አነበበው። አንድ በአንድ አነበበው፤ ድርቆሽ ምን እንደሆነ ሊጠይቀኝ ምንም አልቀረው።

እስከዚህ ድረስ እችለው ነበር። ከዚያ ግን አዝራሩን አነሣና እንትፍ ብሎበት ሱሪው ላይ ፈተገው። እናንተ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባችሁ ይችላል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አፈር ውስጥ የቆየ ናስ ገጹ ስስ ነው፤ ቅብ ካለበት ቅቡ ከአፈሩ ጋር ተላጦ ይሄዳል። እኔ እንዲህ ያለውን ዕቃ ከነአፈሩ ቤት ወስጄ፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በስንጥር እንጨት ጫፍ ነው የማጸዳው። ጠርዙ ላይ የአበባ ሐረግ ነበረበት፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰውየው ሲመልሰው ሐረጉ ግማሹ የለም። መመለሱ ራሱ ማላገጥ ነበር፤ «የቤተሰቤ ንብረት ነው» ብሎ ወዲያው ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

አላበቃም። አጥሩ ሥር የተከፈተ ጉድጓድ አሳየኝ። «ይህንስ?» የእኔ አይደለም! እኔ ሣሩን ከነሥሩ በሦስት ጎን ቆርጬ ወደ አንድ ጎን አጥፌ፣ አፈሩን ጨርቅ ላይ አውጥቼ፣ ጨርሼ ስመልሰው የቆፈርኩበትን ራሴም አላገኘውም። ያ ጉድጓድ የሌሊት ሌቦች ነው፤ የባትሪ መብራት ይዘው በጨለማ ገብተው፣ ቆፍረው፣ እንደተከፈተ ትተው የሚሄዱት። ባለፈው በልግም በእነርሱ ምክንያት አንድ ገበሬ ከበሩ መልሶኛል። የእነርሱን ጉድጓድ ዛሬ እኔ ሞላሁት፤ ሰውየው እየቀረጸኝ። ቪዲዮው አንድ ቀን ከወጣ ጎንበስ ብሎ አፈር የሚመልሰው ሰው እኔ ነኝ።

ደግሞ ስለ ቀለበቱ ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመጣውን፣ ከጣሳው ተነጥሎ የሚጣለውን የቢራ ጣሳ መክፈቻ ማለቴ ነው። መሣሪያዬ ለወርቅ ቀለበት የሚሰጠውን ቁጥር ነው ለእርሱም የሚሰጠው። ልቤ ይመታል፣ ተንበርክኬ እቆፍራለሁ፣ አሉሚኒየም! አንድ ትውልድ ሙሉ ቢራውን ጠጥቶ ቆሻሻውን ለእኔ ትቶልኝ ሄዷል። ምስማሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ድሮ ቤት በነበረበት ቦታ ምስማሩ ከመብዛቱ የተነሣ ከሥሩ ያለውን ብር ድምፅ ይሸፍነዋል። በነገራችን ላይ በዚህ የተሸነፍኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ዋሽንግተን ውስጥ ሲመታ፣ ጥይቱን በመሣሪያ እፈልጋለሁ ብሎ የመጣው የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነበር። የፍራሹ የብረት ጥቅልል ምልክቱን አዛባበትና ሳያገኘው ቀረ፤ ፕሬዚዳንቱም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሞተ። ያን የመሰለ ሊቅ በአልጋ ከተሸነፈ እኔ በምስማር ብሸነፍ ምን ይገርማል? ቤልን ግን ኪስህን ገልብጥ ያለው የለም።

«ምስማር ብቻ» አለኝ እኮ። አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ጫፉ የሚቀጥን፣ ራሱ ላይ የመዶሻ ምት የሚታይበት ምስማር እጅ ሥራ ነው፤ አንዱ አንጥረኛ እሳት ዳር ቆሞ አንድ በአንድ ቀጥቅጦታል። በማሽን የተቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ መጣ፤ ዛሬ የምናውቀው ድቡልቡሉ ከዚያም በጣም ዘግይቶ። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1794 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሞንቲቼሎ በተባለው እርሻው ላይ የምስማር ማምረቻ ሲከፍት ያሠራቸው በባርነት የያዛቸውን፣ ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ነው። ሰውየው ደግሞ መኪናውን ተደግፎ «ይህን ቤት ቤተሰቤ በገዛ እጁ ሠራው» ይለኛል። በየትኛው እጁ? ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነበር፤ አልጠየቅሁትም፤ የማስቲካ ወረቀቴን እየለቀምኩ ነበር።

ቡና ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ደግሞ እናንተ ናችሁ። «ወርቁን የት ደበቅከው?» እንግሊዝ አገር ስታፎርድሻየር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 አንዱ ከእርሻ ላይ ከሦስት ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተገመተ ሀብት ማግኘቱን ያነበበ ሁሉ እኔ ምድር ቤት ውስጥ ሣጥን ያለኝ ይመስለዋል። ምስማር ሳሳያችሁ ትስቃላችሁ፤ ስትስቁም በጎን ዓይናችሁ ቦርሳዬን ታያላችሁ። አንዱ «ማናሳስ ጦር ሜዳ ሄደህ አትፈልግም?» ብሎ መከረኝ። ወዳጄ፣ ያ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሜዳ የፌዴራል መሬት ነው! በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መሣሪያውን ይዞ መፈለግ ራሱ ወንጀል ነው፤ የቅርስ ጥበቃ ሕጋቸው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ አለ። ልታሳስረኝ ነው?

ሌላው የድሮ የብር ሳንቲም አላገኘህም ወይ የሚለኝ ነው። ያ ቤት በተሠራበት ዘመን እዚህ የእንግሊዝ ገንዘብ ብርቅ ስለነበር ሰው የሚገበያየው በአብዛኛው በስፔን ብር ነበር፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1857 ድረስ በሕግ ይሠራ ነበር። ዝርዝር ሲያጡ በመጥረቢያም ቢሆን ይቆራርጡታል። የእኛ አያቶች የኦስትሪያዋን ማርያ ትሬዛ አንገታቸው ላይ ሲያስሩ እነዚህም የሌላ አገር ንጉሥ ፊት በተቀረጸበት ብር ይገበያዩ ነበር። ከዚያ ብር አንዲት ቁራጭ ባገኝ ለእኔ በቂ ነበር። አላገኘሁም። አላገኘሁም ስል ግን ማን ያምናል?

ከአገር ቤት የሚደውለው የአጎቴ ልጅ አያምንም። ጣሊያን ሲወጣ የቀበረው ወርቅ ያለበት ግቢ አውቃለሁ፣ መሣሪያውን ይዘህ ና ይለኛል። አንተ ሰው፣ ሊወስድ የመጣ ሰው ቀብሮ ይሄዳል? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን እንደሚከለክል ነገርኩት። «ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ» አለ። ትናንት ደግሞ የባትሪውን ዋጋ ጠየቀኝ።

አሁን፣ ይህን እየጻፍኩ ሳለ፣ አሮጊቷ ደወሉ። ሰምተው ኖሮ በጣም አዝነዋል፤ አዝራሩን ከእርሱ እንደሚቀበሉት፣ ቅዳሜ ያለ ሐሳብ እንድመጣ ነገሩኝ። ልቤ ራራ። አመስግኜ ልዘጋ ስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የወንድሜ ልጅ ግን ወርቅ ሳያገኝ አልቀረም ይላል፤ ውላችን እኩል መሆኑን አልረሳህም አይደል?» አሉኝ።

«አልረሳሁም፤ ምስማሩን ለሁለት እከፍለዋለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ቅዳሜ ትሄዳለህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። እሄዳለሁ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለው መሬት ገና አልተነካም።