ዳታቤዙ ይምጣ እንጂ ኢሜይላችንን አይውሰድ

የዳታቤዝ ኩባንያው ኦራክል ዳታቤዙን በተፎካካሪዎቹ ክላውድ (በኢንተርኔት በሚከራዩት ኮምፒውተሮች) ውስጥ ማስገባቱ ደስ ብሎኛል። በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከማይክሮሶፍት ጋር ተስማምቶ ማሽኖቹን አዙር በሚባለው የማይክሮሶፍት ክላውድ ዳታ ሴንተር ውስጥ መትከል ጀመረ። በ2024 ጉግልና አማዞንም ተጨመሩ። የኦራክል መሥራች ላሪ ኤሊሰን መድረክ ላይ ወጥቶ የአማዞንን ዳታቤዝ ሲያጣጥል ለሰማ ሰው ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ዳታቤዙ አንድ ቦታ፣ አፕሊኬሽኑ ሌላ ቦታ ሆኖበት ሲቸገር ለኖረ ደንበኛ ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው።

ግን አንድ ነገር እንለይ። የዳታቤዝ ኩባንያ በሁለት መንገድ ይሰፋል። አንደኛው እኛ ያለንበት ድረስ መምጣት ነው። ሁለተኛው ሥራችንን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ራሱ ጎተራ ማስገባት ነው። የመጀመሪያውን እደግፋለሁ፤ ሁለተኛውን አልደግፍም። የኦራክል የራሱ ታሪክ ልዩነቱን በደንብ ያሳያል።

ተመራማሪው ኤድጋር ኮድ የሪሌሽናል ዳታቤዝን (መረጃ እርስ በርስ በተያያዙ ሰንጠረዦች የሚቀመጥበትን) ሐሳብ በ1970 ያቀረበው አይቢኤም ውስጥ ሲሠራ ነው። ኤሊሰን፣ ቦብ ማይነርና ኤድ ኦትስ በ1977 ያቋቋሙትና ኋላ ኦራክል የተባለው ትንሽ ኩባንያ ግን ሐሳቡን ከአይቢኤም ቀድሞ ለገበያ አቀረበው። በ1983 የወጣው ሦስተኛው ቨርዥን ሲ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ እንደ አዲስ ተጻፈ። ኦራክልን ትልቅ ያደረገው ይህ ውሳኔ ይመስለኛል። በሲ የተጻፈ ፕሮግራም ብዙ ሳይደክሙ ወደ ሌላ ዓይነት ማሽን ሊወሰድ ይችላል። አይቢኤም በዚያው ዓመት ያስተዋወቀው ዲቢ2 የተባለ ዳታቤዝ ግን ለራሱ ሜይንፍሬም (ለግዙፍ ኮምፒውተሩ) የተሠራ ነበር። የኦራክል ደንበኛ ማሽን ስለቀየረ ብቻ ዳታቤዙን መጣል አልነበረበትም። ይህ ነገር ዛሬም ቢሆን ከብዙ አዲስ ፊቸር ይበልጣል።

በ1998 ኦራክል ሊኑክስ ወደሚባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲሄድም እንዲሁ ሆነ። ሊኑክስ ያኔ በትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ ገና በሙሉ ልብ አይታመንም ነበር። ዳታቤዙ እዚያ መሥራቱ ውድ የዩኒክስ ማሽን በርካሽ ሰርቨር ለመተካት መንገድ ከፈተ። ማይክሮሶፍት በዚህ መንገድ የሄደው በጣም ቆይቶ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚባለውን ዳታቤዙን ለሊኑክስ ለመሥራት ማቀዱን በ2016 ተናገረ፤ ምርቱም በ2017 ወጣ። እኔ ያንን እንደ ሽንፈት አላየሁትም። ደንበኛ ያለበት ድረስ የሄደ ኩባንያ ምስጋና ይገባዋል።

አሁን ወደ ኢሜይሉ። ኦራክል በ1990ዎቹ ኢንተርኦፊስ በሚባል ምርት ሞክሮት ነበር። ትልቁ ሙከራ ግን በ2002 የመጣው ኮላቦሬሽን ስዊት ነው። ኢሜይል፣ ቮይስሜይል፣ ካላንደርና ፋይል በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣሉ ተባለ። ዋጋው ለአንድ ተጠቃሚ 60 ዶላር ነበር። ዒላማውም ግልጽ ነበር፤ ኤክስቼንጅ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር።

ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ ይህን በቅንነት መናገር ያስፈልጋል። ኢሜይል ላኪ፣ ተቀባይ፣ ቀን፣ ጽሑፍና አባሪ ያለው መዝገብ ነው። መዝገብ በማስቀመጥ ደግሞ የዳታቤዝ ኩባንያን የሚያህል የለም። የዚያን ጊዜ ሜይል ሰርቨሮች በየቅርንጫፉ የተበተኑ ነበሩ። የኤክስቼንጅ 5.5 ስታንዳርድ ኤዲሽን ማከማቻ ከ16 ጊጋባይት በላይ አይዝም ነበር። ይህን ሁሉ ጥቂት ቦታ ላይ ሰብስቦ ባካፑን አንድ ላይ መያዝ ለአስተዳዳሪው እውነተኛ ጥቅም ነው።

ጸጥታውም ሌላ የመሸጫ ነጥብ ነበር። በ2000 «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ አውትሉክ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም በኩል ዓለምን አዳርሶ ነበርና ሁሉም ሰው ፈርቷል። ነገር ግን ያ ቫይረስ የሚነሳው ተጠቃሚው በራሱ ኮምፒውተር ላይ አባሪውን ሲከፍት ነው። ኦራክል ሠራተኞች አውትሉክን እንደያዙ እንዲቀጥሉ የሚያስችል ማገናኛ አቀረበ። ሰርቨሩ ተቀየረ፣ አባሪው የሚከፈትበት መስኮት ግን ያው ቀረ።

እዚህ ላይ ነው የዳታቤዝ ሰዎች የሳቱት። ሰው ኢሜይሉን የሚያውቀው በማከማቻው አይደለም። ጸሐፊዋ የኃላፊዋን ካላንደር ከፍታ ቀጠሮ ታስገባለች። አንዱ የስብሰባ አዳራሽ ይይዛል፤ ሌላው ስልኩ ላይ መልእክት ይጠብቃል። ዳታቤዙን በቀጥታ የሚነኩት ጥቂት ባለሙያዎች ናቸው። እነሱ ካመኑበት ለውጡ አንድ ቅዳሜና እሁድ ሌሊት ተሠርቶ ያድራል። ኢሜይልን ግን ከጥበቃው ሽፍት አስተባባሪ እስከ ዋና ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ይነካዋል። የአንድ ሰው ቀጠሮ በአንድ ሰዓት ከተዛባ ሰኞ ጠዋት ስልኩ አያርፍም። «ዳታው እኮ ይበልጥ ተደራጅቷል» ብትሉት ማን ይሰማችኋል? ኦራክል ይህ ጨርሶ ጠፍቶት አልነበረም። ስቴልቶር የሚባለውን የካላንደር ኩባንያ በዚያው በ2002 የገዛው ለዚህ ነው። ግን የተገዛ ካላንደር ሰው ለዓመታት የለመደውን አሠራር ሊተካ አልቻለም።

የሜይል አስተዳዳሪውም ችግር ነበረበት። ትናንት አንድ የመልእክት ሳጥን መክፈት ብቻ ይበቃው ነበር፤ ዛሬ ዳታቤዝ አስተዳዳሪ አጠገቡ ያስፈልገዋል። በ2008 ቢሃይቭ የተባለ ተተኪ ምርት መጣ። እሱም ኤክስቼንጅን አላነቃነቀም። ገበያውን በኋላ የወሰዱት ጂሜይልና ኦፊስ 365 ናቸው። ኢሜይሉ የትኛው ዳታቤዝ ውስጥ እንደሚቀመጥ የጠየቃቸው ተጠቃሚ ያለ አይመስለኝም።

ሙከራው ባለመሳካቱ አላዘንኩም። ለቴክኖሎጂው ጥላቻ ኖሮኝ አይደለም። ኢሜይል እስከ ዛሬ ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ ሊሄድ የሚችለው ኢሜይል የሚላክባቸውና የሚነበብባቸው ፕሮቶኮሎች (የጋራ ደንቦች)፣ ኤስኤምቲፒና አይማፕ፣ የማንም የግል ንብረት ስላልሆኑ ነው። የኦራክል ምርትም እነዚህን ይደግፍ ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ደብዳቤው፣ የሥራ ሂደቱ፣ የማጽደቂያ ደንቡና የደንበኛ መዝገቡ በአንድ ማከማቻ፣ በአንድ ኮንትራት ሥር ሲገቡ ፕሮቶኮሉ ብቻ ነፃ አያወጣም። ሰው የሚታሰረው በዙሪያው በሚጻፈው ኮድ ነው። በኦራክል የራሱ የፕሮግራም ቋንቋ፣ በፒኤል ኤስኪውኤል፣ የተጻፈ አንድ ትልቅ የሥራ ደንብ ወደ ሌላ ዳታቤዝ መተርጎም ምን እንደሚያስከፍል የሠራበት ያውቀዋል።

አማዞን ራሱ ይህንን ቀምሶታል። የችርቻሮ ክፍሉ ከኦራክል መውጣቱን በ2019 ሲያስታውቅ ያዛወረው ዳታ 75 ፔታባይት፣ ዳታቤዙም ወደ 7,500 የሚጠጋ ነበር። ሥራው ዓመታት ፈጅቷል። አማዞን የራሱ ዳታቤዝ፣ የራሱ ክላውድና የመሐንዲስ ሠራዊት አለው። እነዚህ የሌሉት ድርጅት ኢሜይሉንም እዚያው ጨምሮ ቢሆን ኖሮ እንዴት ይወጣ ነበር?

ወደ ሌላው መድረክ መምጣቱም ቢሆን በሻጩ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። በ2011 ኦራክል ለኢታኒየም ፕሮሰሰር ሶፍትዌር መሥራት አቆምኩ አለ። በዚያ ቺፕ የሚሠሩ ማሽኖች ዋና ሻጭ ኤችፒ ነበር። ኦራክል ደግሞ በ2010 ሰን ማይክሮሲስተምስን ገዝቶ ራሱ የሃርድዌር ሻጭ ሆኗል። ኤችፒ ከሰሰ፤ በ2016 የዳኞች ቡድን 3 ቢሊዮን ዶላር ፈረደለት። ገንዘቡ ለኤችፒ ነው። በመሀል «ወዴት እንሂድ?» እያሉ ሲጨነቁ የከረሙት ደንበኞች ግን ያንን ጊዜ የሚመልስላቸው የለም።

ከዚህ ይልቅ ድምፅ የማያሰማው መንገድ ዋጋ ነው። በ2017 መጀመሪያ ኦራክል በአማዞንና በአዙር ላይ ላይሰንስ የሚቆጠርበትን ስሌት ቀየረ። ለኢንቴል ፕሮሰሰሮች በራስ ዳታ ሴንተር ውስጥ የሚሠራው የግማሽ ቅናሽ እዚያ አይሠራም ተባለ። ያው ዳታቤዝ፣ ያው ሥራ፣ ግን እጥፍ ላይሰንስ። ምርቱ በተፎካካሪው መድረክ ላይ «ይሠራል»፤ ሒሳቡ ግን ወደ ኦራክል ክላውድ ይገፋችኋል። ይህ መምጣት አይባልም።

ስለዚህ የ2023ቱንና የ2024ቱን ስምምነቶች በደስታ ብቀበልም ጥያቄዬን አልተውም። አዙር ውስጥ የሚገባው አሁንም የኦራክል ኤግዛዳታ ማሽን ነው። ዳታቤዙ ወደ አፕሊኬሽኑ ቀርቧል፤ ከዳታቤዙ መውጣት ግን እንደ ድሮው ከባድ ነው። አንድ ድርጅት ዛሬ ቢያማክረኝ ግቡበት እለዋለሁ። አዲስ የሥራ ደንብ ግን ዳታቤዙ ውስጥ አትጻፉ፤ አፕሊኬሽኑ ውስጥ አድርጉት እለዋለሁ። ከወሳኝ ሲስተሞቻችሁ አንዱን መርጣችሁ ፖስትግሬስ በሚባለው ነፃ ዳታቤዝ ላይ አስነሱትና ምን እንደሚሰበር እዩ። ኢሜይልና የሰነድ ማከማቻ በዚያው ኮንትራት «በቅናሽ» ሲቀርብላችሁ ለብቻው ተዋዋሉት።

የላይሰንስ አቆጣጠሩንም ኮንትራቱ ውስጥ አስጽፉ። የክላውድ አቆጣጠሩን የሚያብራራው የኦራክል ሰነድ ለትምህርት ብቻ የወጣ እንደሆነና የማንኛውም ውል አካል ሊሆን እንደማይችል ራሱ ላይ ተጽፏል። ያንን ሰነድ ይዞ በጀት የሚሠራ የፋይናንስ ክፍል ካለ፣ ከመፈረሙ በፊት ያቺን መስመር ያንብባት።