ያላለችው ወራጅ

የሐዋሳ ሰዎች፣ ተቀይሜያችኋለሁ። ራሴንም ጭምር።

ነገሩ የሆነው ወደ ይርጋለም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ከእናቷ ጋር ተሳፈረች። አንድ እግሯን ትጎትታለች። ከመቀመጧ በፊት ፌስታል አነጠፈች። በላዩ ያረጀ ነጠላ አጥፋ ደረበችበት። ወንበሩ እንዳይበላሽ ነው። ይህን ያህል ተጠንቅቃልን ነበር።

ቱላን እንዳለፍን ሽታው መጣ። መጀመሪያ መስኮት ተከፈተ። ቀጥሎ አንዷ በሻርፗ አፍንጫዋን ያዘች። ከኋላ አንዱ «ኧረ ምንድነው ይሄ ነገር!» አለ። እናትየዋ ዞር ብለው፣ «ልጆቼ፣ ሦስት ቀን አምጣ ነው እንዲህ የሆነችው። ሆስፒታል ላደርሳት ነው» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ወራጅ አላለችም። እናቷም አላሉም። መኪናው ግን ቆመ።

ረዳቱ ሂሳባቸውን ሙሉውን መለሰላቸው። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። «ጨዋ ልጅ ነው» ያለ ሰው ነበረ፣ እግዜር ያሳያችሁ!

እኔስ? መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ምጥ ሲረዝም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ሽንት ሌት ተቀን በራሱ ይወርዳል። ፊስቱላ የሚሉት ይህን ነው። ልጁም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ነው የሚወለደው። እግሯን የምትጎትተውም ነርቩ ተጎድቶ ይሆናል። ብዙዎቹ እንዳይፈሳቸው ብለው ውሃ ይተዋሉ። ያኔ ሽታው ይብሳል፣ ገላቸውንም ይለበልባቸዋል። እኛን ፈርተው ነው የሚጠሙት። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። ግን ሰውን ከመንገድ ላለመጣል የሕክምና እውቀት ያስፈልግ ነበር?

ይርጋለም ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል እንዲህ ያሉትን ሴቶች በነፃ ያክማል። ሐኪሞቹ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጅናልድ በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ የመጡት ለሦስት ዓመት ብለው ነበር። ካትሪን በ2012 ዓ.ም. እስኪያርፉ እዚሁ ቀሩ። ስማቸው ሲነሳ «እናታችን» እንላለን። እኛ ግን ከቱላ እስከ ይርጋለም እንኳ መታገስ አቃተን።

ብዙ አልጠይቃችሁም። ረዳት ያልተባለ ወራጅ ሲጠራ፣ «ወራጅ የለም፣ ንዳው» የሚል አንድ ሰው ይበቃል። ያን ቀን አሥራ ምናምን ሰው ነበርን፤ አንድ ጠፋ።

አሁንም በዚያ መንገድ እመላለሳለሁ። ቦታው ላይ ስደርስ አንገቴን አቀርቅሬ አልፋለሁ። ያኔ ገና ጠዋት ነበር፣ መኪና አይጠፋም። ከኋላችን የመጣው አንስቷቸው ይሆናል።