እንግዳችሁን ወደ ኮዬ ፈጬ ውሰዱት

እንግዳ ሲመጣ አዲስ አበባን የምናሳየው ሁሌም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ጠዋት ብሔራዊ ሙዚየም ሄደን ድንቅነሽን፣ ቀጥሎ አንድነት ፓርክን፣ ከሰዓት እንጦጦን፣ ማታ ደግሞ ክትፎ። እንግዳው ደስ ብሎት ይመለሳል። ግን የከተማው ሰው የት እንደሚኖር፣ በምን እንደሚመላለስ፣ ቤቱ የቆመበት መሬት የማን እንደነበር ሳያይ ይሄዳል።

እኔ የምለው፣ ያለችው አንድ ቀን ብቻ ከሆነች ለከተማው ዳር ትሰጥ። ያውም እዚያው ተወልዶ ካደገ ሰው ጋር። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ታክሲ መያዣውንና የራሱን ደረጃ ያውቃል። ከብሎኩ በፊት እዚያ የነበረ ሰው ግን የምትረግጡት መሬት ምን ያበቅል እንደነበር ይነግራችኋል።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ያሳለፍኩት ቀን ነው ይህን የሚያስጽፈኝ። ልጁ ያደገው ዛሬ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች በሞሉት በከተማው ደቡብ ምሥራቅ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ነው። ቃሊቲ ተገናኝተን በሚኒባስ ወደ አቃቂ ወረድን። "ስልክህን አስቀምጥና በመስኮት እይ" አለኝ። ትልቁ አቃቂ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ ውሃው ጠቁሮ፣ አረፋ ይዞ ይወርዳል። ዳርና ዳሩ ግን ለምለም ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ። ይህ አትክልት መሃል ከተማ ገበያ ላይ የምንገዛው ነው። በዚህ ወንዝ በሚለማ አትክልት ላይ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች እንዳገኙበት ደጋግመው ጽፈዋል። ቆሻሻውን የሚለቀው ላይኛው ከተማ ነው። የሚወቀሰው ግን ብዙ ጊዜ ታች ያለው አትክልተኛ ነው። ይህ ያናድደኛል።

የመጠጥ ውሃችንም ከዳር ነው የሚመጣው። ከፊሉ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች፣ ከፊሉ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች። የፍሳሽ ማጣሪያው ደግሞ ቃሊቲ ነው። ንጹሑ ከዳር ወደ መሃል ይመጣል፣ ቆሻሻው ከመሃል ወደ ዳር ይሄዳል። ይህንን አንድነት ፓርክ ውስጥ ቆሞ መረዳት አይቻልም።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ቁርስ በላን። ጨጨብሳ ከማር ጋር፣ ሻይ። በ2007 መስከረም የተመረቀው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከዚሁ ነው። ብዙ ሰው ቱሉ ዲምቱን የሚያውቀው የክፍያ ትኬቱን ሲቀበል ብቻ ነው። እኛ ከቁርስ ቤቱ እስክንወጣ ድረስ ባልደረባዬ ሰላም ያላለው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በኦሮምኛ "አካም ቡልታን?" (እንዴት አደሩ?) ይላል፣ ይቆማል፣ የከብቱን፣ የልጁን፣ የአዝመራውን ይጠይቃል። ከጎኑ ስለቆምኩ ለእኔም እጅ ይዘረጋል። ብቻዬን ብሄድ ኖሮ ቤት ፈላጊ ወይም ደላላ ነበር የምመስለው።

ከዚያ ኮዬ ፈጬ። መጀመሪያ የሚታየው ብዛቱ ነው። ዓይን እስከሚደርስ ብሎክ፣ ከብሎክ ጀርባ ብሎክ። ባልደረባዬ አንዱን ሕንፃ እያሳየ "እዚህ ጋ ጥጃ ጠብቄያለሁ። ከዚህ ወዲያ ጤፍ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ሽምብራ" አለኝ። አፈሩ መረሬ ነው፣ ጥቁር። ክረምት ላይ ውሃ ይዞ ስለሚያብጥ ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፤ መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ያው አፈር ለግንበኛ ጠላት ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውም አብሮት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥቁሩን አፈር ቆፍረው አውጥተው በሰሌክት፣ ማለትም ለግንባታ በተመረጠ ጠንካራ አፈር፣ ይሞሉታል። ገበሬው ለሽምብራ የሚወደውን አፈር ኮንትራክተሩ በገልባጭ መኪና ጭኖ የሚደፋው ነገር ነው።

ስለ ካሳው እንነጋገር፤ ይህ ጉዳይ በችኮላ የሚታለፍ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ ገበሬ ሲነሳ የሚከፈለው ለመሬቱ ዋጋ ሳይሆን ለምርቱና በላዩ ላይ ላፈራው ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ ካሳ፣ ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ 10 እጥፍ ነበር። በኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው፤ ስሌቱም ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ላይ ሆነ። ማሻሻሉ ጥሩ ነው። ኮዬ ላይ ግን ብሎኮቹ ከዚያ በፊት ቆመው ነበር። እነዚህ ገበሬዎች የተነሱት በአሮጌው ስሌት ነው። ያው መሬት ነገ ለሊዝ ጨረታ ሲወጣ ደግሞ ዋጋው በካሬ ሜትር ይቆጠራል።

የቤት ዕድለኞቹም እንዲሁ በቀላሉ ያገኙት ነገር የለም። በየካቲት 2011 ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ ከ20/80ዎቹ (20 በመቶውን ቆጥበው ቀሪውን 80 በመቶ በባንክ ብድር ከሚከፍሉት) ውስጥ ብዙዎቹ በ1997 የተመዘገቡ ነበሩ። 14 ዓመት በኪራይ ቤት እየተንከራተቱ የጠበቁ ሰዎች ናቸው። ዕጣው እንደወጣ በኮዬ ጉዳይ ተቃውሞ ተነሳ፣ ርክክቡም ተጓተተ። የኔ አቋም ግልጽ ነው። ቤት ፈላጊውና ገበሬው እርስ በርስ የሚጣሉበት ምክንያት የላቸውም። ሁለቱም ሌላ ሰው ባወጣው ስሌት ውስጥ የገቡ ናቸው። ችግሩ እየተጎራበቱ አለመተዋወቃቸው ነው።

የባልደረባዬ እናት ቤት ከብሎኮቹ ጀርባ ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን ያለው የጭቃ ቤት። ቡናና ስኳር ይዘን ገባን፤ ባዶ እጅ አይኬድም። ሁለት ላሞች አሏቸው። ወተቱን በየማለዳው በሃይላንድ እየሞሉ ብሎክ ለብሎክ ያደርሳሉ። "ድሮ ጭዱ ከራሴ አውድማ ነበር፤ አሁን ጭዱንም ፉርሽካውንም በብር ነው" አሉኝ። ከብት የሚሰማራበት ሜዳ የለም። ላሞቹ ታስረው ነው የሚውሉት። "እነዚህ ደንበኞችዎ ቤትዎ መጥተው ያውቃሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ሥራ ይበዛባቸዋል ልጄ" አሉና ሁለተኛውን ቡና ቀዱልኝ።

ይህን ስጽፍ "ድህነትን እንደ ትርዒት ሄዶ ማየት ነው ወይ?" የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ካሜራ ደግኖ ከመኪና ሳይወርድ ለሚያልፍ ሰው ጥያቄው ትክክል ነው። ሰው ቤት ተጠርቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ጠይቆና ተጠይቆ ለሚወጣ ግን አይደለም። እሳቸውም እኮ የኔን ሰፈር ጠይቀውኛል። ኪራዩን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከተማ አስተዳዳሪዎችም ከዚህ የሚወስዱት ነገር አለ። ብሎኮቹ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። የሰፈሩ ሰው ግን እስካሁን አቅጣጫ የሚናገረው በዋርካው፣ በኩሬው፣ በአሮጌው አውድማ ነው። እነዚያን ስሞች ለመንገዶቹና ለትምህርት ቤቶቹ መስጠት ወጪው የታፔላ ብቻ ነው። ከአሮጌው መንደር ወደ ብሎኮቹ የሚወስደው የእግር መንገድም ክረምት ላይ ጭቃ ብቻ ነው። እናትየው ወተቱን ተሸክመው የሚመጡት በእሱ ነው። ጥቂት ኮብልስቶን ይበቃዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የወተት አቅራቢ እናቶች ላማቸውን የሚያሰማሩበት፣ ካልሆነም መኖ በቅርብ የሚያገኙበት ቦታ ሊታሰብ ይገባል። ብሎክ ሲታቀድ የመኪና ማቆሚያ ይታሰባል። ላም ግን አንድም ቦታ አትታሰብም፤ ጠዋት የሁላችንም ልጆች የሚጠጡት የእሷን ወተት ሆኖ ሳለ።

መሄድ ካሰባችሁ ኅዳር ጥሩ ነው። ጤፉ ይታጨዳል፣ መንገዱም ደረቅ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ የሽምብራ እሸት ይደርሳል። ማታ ወደ መሃል የሚመለስ ታክሲ ስለሚቀንስ 12 ሰዓት ሳይሞላ ተነሱ። እዚያ ያደገ ጓደኛ የለኝም የምትሉ፣ በተለይ እዚያው ብሎክ ውስጥ የምትኖሩ፣ ጠዋት ወተት የሚያመጡላችሁን እናት ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ ጠይቋቸው።