ክርክር፦ ጭፈራ የአምልኮ አካል ሊሆን ይገባል?

ደጋፊዋ በመዘምራን ቡድን የምታገለግል ዘማሪት ናት፤ ተቃዋሚው ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ሰባኪ ናቸው።

ደጋፊ

ጋሼ፣ ግማሹ ጠባችን ከአንድ ቃል የመጣ ስለሚመስለኝ ከእሱ ልጀምር። ዛሬ «ዘፈን» ስንል የዓለም ዜማ ማለታችን ነው። በቀድሞው መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን ዘፈን ጭፈራ ነው፤ በግዕዙም እንደዚያው። ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ «ይዘፍን ነበር» ሲባል (2ኛ ሳሙኤል 6፥14) እየዘለለ አሸበሸበ ማለት ነው። መዝሙር 150፥4 «በከበሮና በዘፈን አመስግኑት» ይላል። የጠፋው ልጅ በተመለሰ ቀን ታላቅ ወንድሙ ከእርሻ ሲመጣ ከአባቱ ቤት የሰማው የዘፈን ድምፅ ነው።

ገላትያ 5፥21 ላይ «ዘፋኝነት» ከሥጋ ሥራዎች ጋር ተቆጥሯል፤ በዚህች አንዲት ቃል ስንቱ ወጣት አንገቱን ደፋ! የግሪኩ ቃል ግን «ኮሞስ» ነው፤ በስካር የታጀበ ፈንጠዝያ ማለት ነው። እኔ ራሴ በአሥራ አምስት ዓመቴ በዚህች ጥቅስ ተገሥጬ፣ ለሁለት ዓመት ያህል ሌላው ሲያጨበጭብ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። እግዚአብሔርን መፍራት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው የፈራሁት ሰው ነው።

ደግሞስ አካላችን መቼ ከአምልኮ ተለይቶ ያውቃል? እንንበረከካለን፣ እንሰግዳለን፣ እጃችንን እናነሣለን። ጉልበት ለንስሐ ከታጠፈ፣ እግር ለምስጋና ቢነሣ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ተቃዋሚ

እህቴ፣ በ«ዘፋኝነት» ጉዳይ እውነትሽን ነው። እኔም ያንን ጥቅስ ለዚህ ማዋል ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ በእሱ የተጎዳችሁትንም ይቅርታ መጠየቅ ይገባናል።

ነገር ግን ዳዊት የዘፈነበት ቃል የሄሮድያዳ ልጅም የዘፈነችበት ቃል ነው። ሙሴ ከተራራው ሲወርድ ያየው የጥጃውን ጭፈራ ነው። ስለዚህ ቃሉ ጭፈራ እንደነበረ እንጂ ቦታው የት እንደሆነ አይነግረንም። ማርያም ከበሮዋን ያነሣችው በባሕሩ ዳር ነው፤ ዳዊት የዘለለው በመንገድ ላይ ነው። ስለ ቤተ መቅደሱ አገልግሎት ግን 2ኛ ዜና 29፥25ን ብታነቢ በዳዊት ትእዛዝ ጸናጽል፣ በገናና መሰንቆ ተቆጥረዋል፤ ጭፈራ አልተቆጠረም።

አንቺ በጠቀስሽው በ2ኛ ሳሙኤል 6 ደግሞ ታቦቱን በእጁ ነክቶ ስለሞተው ስለ ዖዛም ተጽፏል፤ እሱን ሲሰብኩት ብዙም አልሰማም። ታቦቱ መጀመሪያ ሲጓዝም ዜማው ደምቆ ነበር፣ ሕዝቡም በሙሉ ኃይሉ ደስ ይለው ነበር። ሆኖም ታቦቱ በሌዋውያን ትከሻ መሄድ ሲገባው በሠረገላ ተጭኖ ስለነበር ሰው ሞተ። ከልብ የሆነ ደስታ ሥርዓትን አልተካም። አራተኛው መቶ ዘመን ላይ ዮሐንስ አፈወርቅ ጭፈራ ባለበት ዲያብሎስ አለ እስከማለት የደረሰው፣ ምእመናኑ በዓሉን ወዴት እንደሚወስዱት ስላየ ነው።

ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ እሑድ አንዲት እናት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆማለች። ልጇን ከቀበረች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ድራሙ ሲጀምር መሪው «የማይዘልል ሰው እንዳላይ!» አለ። ግራ ቀኟን አየችና ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ተረከዟን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረገች፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ተከትያት ስወጣ ደጃፉ ላይ አገኘኋት። «ዛሬ እንኳ ዝም ብዬ ልቁም ብዬ ነበር» አለችኝ።

ደጋፊ

እንደዚያ ያለው መሪ በድሏል፤ አልከላከልለትም። ነገር ግን የበደለው ማስገደዱ ነው። «ሁላችሁም ሳቁ» ቢል ኖሮ ሳቅን ከቤተ ክርስቲያን አናስወጣም።

አዲስ ኪዳን ለጉባኤ ጭፈራን አላዘዘም ቢሉኝ፣ ኪቦርድንም አላዘዘም እላለሁ። የአባቶችን ተግሣጽም አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ589 በስፔን የተሰበሰበው የቶሌዶ የጳጳሳት ጉባኤ በቅዱሳን በዓል ላይ መጨፈርን ከልክሏል፤ ሰው ግን የማይደረግ ነገር አይከለክልም። ክልከላው ስንት ጊዜ ተደጋግሞ ምእመኑ አልተወውም። በዚያው አገር በሴቪል ካቴድራል ልጆች እስከ ዛሬ በመሠዊያው ፊት ያሸበሽባሉ። የካቶሊክ መንበር ሮምም እ.ኤ.አ. በ1988 ለዛየር (ለዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) አህጉረ ስብከት ባጸደቀችው የቅዳሴ ሥርዓት ካህናቱ በመሠዊያው ዙሪያ በምት ይሄዳሉ። የኦርቶዶክስ ሊቃውንት በመቋሚያና በጸናጽል ሲያሸበሽቡስ ማን ዓለማዊ ይላቸዋል?

ተቃዋሚ

የሊቃውንቱን ዝማሜ፣ ያን የመቋሚያ እንቅስቃሴ፣ ማንሣትሽ ለእኔ ነው የረዳኝ። መቋሚያው ዝቅ ከፍ የሚለው ዜማውን ተከትሎ ነው። ባለሙያው እዚያ ለመድረስ ዓመታት ተምሯል፤ ስሜቱ በመጣለት ቁጥር የፈለሰፈው አይደለም። እዚያ ደግሞ ማንም ወደ አንድ ሰው ወገብ አይመለከትም። ያቺው ሮም እ.ኤ.አ. በ1975 ጭፈራ ከፍቅርና ከመዝናኛ ጋር በተቆራኘበት በምዕራቡ ዓለም በሥርዓተ አምልኮ ውስጥ እንዳይገባ በጽሑፍ አሳስባለች።

ዳዊትም ሲዘፍን ንጉሥነቱን ትቶ የበፍታ ኤፉድ ለብሶ ነበር፤ ሚስቱ ሜልኮል የናቀችውም ስለ ተዋረደ ነው። የእናንተስ መድረክ ያዋርዳል ወይስ ከፍ ያደርጋል? ከፍ ያለ ወለል፣ ባለ ቀለም መብራት፣ እግራችሁን የሚከተል ካሜራ። ጭፈራውን ለሠርግና ለበዓል መንገድ ተዉት፤ ጉባኤው ቃሉን ይስማ።

ደጋፊ

መብራቱንና ካሜራውን እኔም አልፈልጋቸውም። ከመድረክ ወርደን ከሕዝቡ መካከል እናመልክ ብዬ ለመሪዎቼ ተናግሬያለሁ፤ እስካሁን አልሰሙኝም። ግን መንገድ ላይ እንጂ ጉባኤ ውስጥ አይሁን ያሉትን መዝሙር 149 አይቀበለውም። ቁጥር 1 ምስጋናው በቅዱሳን ጉባኤ ነው ይላል፤ ሁለት ቁጥር ዝቅ ሲሉ ስሙን በዘፈን ያመስግኑ ይላል። ያው ጉባኤ ነው፣ ያው ሕዝብ ነው።

ተቃዋሚ

ከቁጥር 3 አልፈሽ ቁጥር 6ን አንብቢ፤ በዚያው ጉባኤ እጅ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ አለ። ሰይፉን ወደ ቤተ ክርስቲያን ያላስገባነው ቃል በቃል ስላልወሰድነው ነው። ዘፈኑን ብቻ ለይተን ቃል በቃል የምንወስድበትን ምክንያት ንገሪኝ።