ጥቁር ሸራ ብቻ አይበቃም

አንድ ጸሐፊ ባወጡት ጽሑፍ፣ የማየት ችግርን የሚያሳይ ሥዕል ተመልካቹን ጨለማ ውስጥ ይክተተው ይላሉ። አልስማማም። እናቴ ግላኮማ የሚባል የዓይን ሕመም አለባት። አራት ኪሎ ቆማ ፊት ለፊቷ ያለውን ሐውልት ታየዋለች፤ ከጎን የሚመጣውን ሚኒባስ ግን አታየውም። ታዲያ ይሄ ጨለማ ነው እንዴ? የዓይን ሞራ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቀለም ያደበዝዛል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ ሞራ ይዞት፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ቀዶ ሕክምና ከማድረጉ በፊት፣ የአትክልት ቦታውን ቀይና ቡናማ አድርጎ ሥሎታል። ጥቁር አልለቀለቀም!

ደግሞስ ፒያሳ ላይ ስለ ማየት ችግር ዐውደ ርእይ ከፍቶ «መንካት ክልክል ነው» ብሎ መለጠፍ ምን የሚሉት ነው? ቢያንስ ቅርጻ ቅርጹ ይዳሰስ። ማብራሪያውም በብሬል ብቻ ሳይሆን በድምፅም ይሁን። እማዬ ብሬል አታነብም፤ በስተርጅና ዓይኑ የደከመ ብዙ ሰው እንደሷ ነው።