አንድ ሁለት ሶስት መቁጠር አይችልም ተባልኩ

እጄ ገና ዝገት በዝገት ነው፣ ሳልታጠብ ነው የምጽፈው። ዛሬ ምናለሽ ተራ መሀል፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተሰደብኩ።

አንድ ደላላ «የጣልያን ጊዜ መስፍ አለ፣ ቶሎ ና» ብሎኝ ነበር፤ መስፍ ማለት የጋለ ብረት አስቀምጠን የምንቀጠቅጥበት ከባድ ብረት ነው። ሄድኩ። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ይጠብቀኛል። መስፍ ቀለም ምን ይሰራለታል? ባለፈው እንዲህ የተቀባ ሞርሳ፣ ብረት ነክሶ የሚይዘውን ማሰሪያ፣ ገዝቼ የቪቱ ጥርስ በሳምንቱ ተበልቶ የለ! አሁን አዲስ ቀለም ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ጎኑን ስጠርገው ቁጥር አገኘሁ። 1፣ ራቅ ብሎ 2፣ ከዚያ 3። የምን ጣልያን፣ የእንግሊዝ ነው! የድሮ እንግሊዞች ክብደት የሚጽፉት እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያው አንድ ሲል 112 ፓውንድ፣ መሀለኛው እያንዳንዱ 28፣ የመጨረሻው ፓውንዱ ራሱ። ደምሩት። 171 ፓውንድ፣ 78 ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ሻጩ ደግሞ የሚሸጠው በኪሎ ነው።

«ስንት ኪሎ ነው ጋሼ?» አልኩ፣ በትህትና።

«ተጽፎልህ የለ! 123።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእንግሊዝ አጻጻፍ ነው፣ የመጀመሪያው...»

«አንተ ልጅ፣ አንድ ሁለት ሶስት እንግሊዝም አገር አንድ ሁለት ሶስት ነው! ትምህርት ቤት አልገባህም?»

ሳቁ! ተሸካሚው፣ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው፣ ሻይ የምታዞረው ልጅ ሳትቀር። «እሺ እንመዝነው» ብል ሚዛን የለም። መርካቶ ውስጥ ሚዛን ጠፋ!

እልህ ያዘኝና ከኪሴ የኩሽኔታ ኳሷን አወጣሁ። ደህና መስፍ ላይ ከ25 ሳንቲ ሜትር ብትለቋት 20ን አልፋ ትነጥራለች። ይቺ ፍራሽ ላይ የወደቀች ነው የምትመስለው፣ 10 አልደረሰችም። በመዶሻ ነካ ሳደርገው መሀሉ ቃ ይላል፣ ጠርዙ ጋ ዱብ። ቀለሙን በቁልፍ ፋቅ፤ ብየዳ! የረገፈውን ጠርዝ በኤሌክትሮድ ሞልተው፣ ላዩን በግራይንደር ላጭተውታል። የዚህ አይነቱ መስፍ ጠንካራው ብረት እኮ ላዩ ላይ ያለችው ስስ ሽፋን ናት፣ እሷን ከላጩዋት ምን ቀረ?

«ኳስ ከሆነ ያማረህ ስታዲየም ሂድ!» አለኝ። «ደሞ ቀጥቃጭ አትመስልም።»

ስድብ ይሁን ሙገሳ እስካሁን አልገባኝም። ማረሻውን ማጭዱን ሰርቶ ሰጥቶ ቡዳ ሲባል የኖረ ሙያ ነው። አማቴ እንኳ ለዘመድ ሲያስተዋውቁኝ «የብረታ ብረት ኢንጂነር ነው» ነው የሚሉት። ጎበዝ፣ ቢላ ነው የምሰራው!

ይኸው በመስፍ ፈንታ ከምቀጠቅጥበት የባቡር ሃዲድ ቁራጭ ጋር ተፋጠን ተቀምጠናል። በመታሁት ቁጥር ይዘላል። ጎረቤቴ ደግሞ... ተዉት።

ቆይ፣ ደላላው ደወለ።

«ወንድሜ፣ ሰውዬውን አናግሬልሃለሁ። 100 ኪሎ ያድርጉለት ብያቸው እሺ ብለዋል።»