ኃይለኛ ውሻ አለ

በአከራዬ የብረት በር ላይ በቀይ ቀለም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ተጽፏል። ሲጻፍ ቀለሙ በዝቶ ስለነበር «አለ» ከምትለው ቃል ሥር ሦስት ጠብታዎች ቁልቁል ወርደው ደርቀዋል፤ ደም ይመስላሉ። ጋሼ ሆን ብለው ያፈሰሱት ይመስለኛል። በውሻ ጉዳይ ለአጋጣሚ የሚተዉት ነገር የላቸውም። በአዲስ አበባ እንደ እርሳቸው የውሻ አያያዝ የተካነ ሰው አላየሁም ብል ግን ጎረቤቶቻችን ይቀየሙኛል፤ ከእኛ ግቢ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው አባወራ ሁሉ በዚህ ሙያ የተመረቀ ነው። እንዲህ ያለ ጥበብ በቃል ብቻ ሲተላለፍ ኖሮ አንድ ቀን እንዳይጠፋ ስለሰጋሁ በጽሑፍ ላስቀምጠው ተነሣሁ።

ውሻው መቻል ይባላል። በገጠር የውሻ ስም መልእክት ማድረሻ ነው። ከጎረቤቱ የተቀያየመ ሰው ቅሬታውን በውሻው ስም ላይ ያስቀምጥና ማታ ማታ በአጥሩ በኩል ድምፁን ከፍ አድርጎ ውሻውን ይጣራል። ጋሼም «መቻል!» እያሉ ይጣሩ የነበረው የወሰን ክርክር ለገጠማቸው ለጎረቤታቸው ነበር። ክርክሩ ካለቀ ዓመታት አለፉ። ስሙ ለውሻው ቀረለት፤ ልክክ ብሎለታል።

መኖሪያውን ላስተዋውቃችሁ። መቻል በሦስት ወሩ በሩ አጠገብ ታሰረ፤ አሁን ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር ነው። አንድ እሑድ ሥራ ፈትቼ ስፋቱን አሰላሁት፦ ሁለት በሁለት አራት፣ አራት በ3.14 ሲባዛ 12.56 ካሬ ሜትር። እኔ ከዚሁ ግቢ የተከራየኋት ክፍል ሦስት በአራት ናት፤ 12 ካሬ ሜትር። ከግማሽ ካሬ ሜትር በላይ ይበልጠኛል፤ ኪራይም አይከፍልም። ይህንን ለጋሼ ብነግራቸው እጅግ ደስ አላቸው። «ታዲያ ምን ጎደለው?» አሉኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ስለ ክፍሌ ጥበት ማንሣቱን ተውሁት።

በመንገዳችን ጠዋት ጠዋት ውሻቸውን በማሰሪያ ይዘው የሚያንሸራሽሩ ጥቂት ሰዎች ያልፋሉ። ጋሼ ያዝኑላቸዋል። «አሁን ማን ነው ማንን የሚጎትተው?» ይሉኛል። መቻል እንዲህ ያለ ወጪና ድካም አያስፈልገውም። ግማሽ ክብ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ዞሮ ግማሽ ክብ ወደ ግራ ይመለሳል፤ ከንጋት እስከ ምሽት። መሬቱ በእግሩ ተለስልሶ ሲሚንቶ የፈሰሰበት መስሏል። ነሐሴ ላይ ግቢው በሙሉ ሣር ሲለብስ ያ ክብ ብቻ ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል። ከፎቅ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አውድማ ነው የሚመስለው።

ሥልጠናውን ግን ተረጋግቼ ልናገር፤ ጥበቡ ያለው እዚያ ነው። መነሻው «ውሻ ሰው ከለመደ አበቃለት» የሚል ነው። ስለዚህ መቻልን ማንም እንዳያሻሸው፣ ስሙን በለሆሳስ እንዳይጠራው፣ አጠገቡም ቁጭ እንዳይል ተከልክሏል። መምህራኑ የጋሼ የልጅ ልጆች ናቸው፤ የማስተማሪያ መሣሪያቸው የመጥረጊያ እንጨት ነው። ከሰንሰለቱ ጫፍ አንድ ስንዝር ርቀው ይቆሙና በእንጨቱ አፍንጫውን ይነካኩታል። እርሱ ይዘላል፤ ሰንሰለቱ አንገቱን ይዞ ይመልሰዋል፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ ጋሼ ከበረንዳ ሆነው «ጎበዝ!» ይላሉ። ጎበዝ የተባለው ልጁ ይሁን ውሻው እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ከፍተኛው ትምህርት የሚሰጠው በሚጥሚጣ ነው። ቁጣ በሆድ በኩል ይገባል ተብሎ ስለሚታመን በሳምንት አንድ ቀን ምግቡ ላይ ይነሰነስለታል። እኔ እንዳየሁት ከሆነ በሆድ በኩል የሚወጣ እንጂ የሚገባ ነገር የለም፤ ለሁለት ቀን ያህል ክቡ ውስጥ እግር የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋል። በሌላ አገር ውሻ «ቁጭ በል» ሲባል ቁጭ ካለ ወዲያው ቁራሽ ሥጋ እንደሚሰጠው፣ በዚህ መንገድ አብዛኛውን ትእዛዝ ያለ ዱላ እንደሚማር ለጋሼ ባጫውታቸው በቁጣ ከወንበራቸው ተነሡ። «ያ እኮ ጉቦ ነው!» አሉ። «የእኔ ውሻ በጉቦ አይሠራም።»

እውነትም አይሠራም። የሥልጠናውን ውጤት በዓይኔ አይቻለሁ። መቻል በውሃ ቆጣሪ አንባቢው ላይ ይጮኻል፤ በቆራሌው ላይ ይጮኻል፤ በንስሐ አባታቸው ላይ ይጮኻል፤ በነፋስ፣ በጨረቃ፣ በጎረቤት ሳል ላይ ይጮኻል። በዚህ የተነሣ ባለፈው ዓመት ሌባ አጥር ዘሎ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር በወሰደበት ሌሊት መቻል ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለ ማቋረጥ ቢጮኽም አንድም ሰው አልነቃም። ሁልጊዜ ስለሚጮኽ እኛ የምንነቃው ዝም ሲል ነው። በማግስቱ ጋሼን ላጽናና ብሄድ ፊታቸው ፈክቶ አገኘኋቸው። «ጮኋል እኮ! እሱ የድርሻውን ተወጥቷል።»

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። የቤቱን ትራፊ ይበላል፤ ስለዚህ ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ አብሮ ይጾማል። የሚፈስከውም አብሮ ነው፦ በዶሮ ወጥ መረቅና በዶሮ አጥንት። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል እንደሚያፈርስ፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት እንደሚወጋ የእንስሳት ሐኪሞች ይናገራሉ። የእኛ ዶሮ ወጥ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ከሽንኩርት ሌላ ምንድን ነው? በየዓመቱ የፋሲካ ማግስት መቻል ጥግ ይዞ ይተኛል። «ጥጋብ ነው» ይላሉ የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ።

በጤና ረገድ ቤቱ ራሱን የቻለ ነው። አምና መቻል ቆዳው ተልጦ ሲያክ ሲያድር ጋሼ ከመካኒክ ዘንድ አንድ ጆግ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አምጥተው ከራሱ እስከ ጅራቱ ቀቡት። እየላሰ ከመመረዙ በቀር ምንም አልሆነም፤ ለሦስት ቀን አንገቱን ደፍቶ ሲያስመልሰው ከረመ። ቢሾፍቱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንዳለ፣ ከዚያ የተመረቁ ሐኪሞችም በከተማችን ክሊኒክ እንደከፈቱ ብነግራቸው «እነሱ ለላም የተማሩ ናቸው» አሉኝ።

ክትባትንማ አለማንሣት ይሻላል። ግን አንሥቼው ነበር። በባሌ ተራሮች ዙሪያ የገበሬው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋል፤ በዓለም ላይ ከ500 በታች ብቻ የቀረውን ቀይ ቀበሮ ከበሽታው ለመጠበቅ ሲባል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከቤት ውሻ የተላለፈው በሽታ እዚያ ብዙ ቀበሮ ፈጅቶ ነበር። ጋሼ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አዳመጡኝና «እዚህ ሰፈር ቀይ ቀበሮ አይተሃል?» አሉኝ። አላየሁም። «በዚያ ላይ ታስሮ የሚውል ውሻ ምን ያገኘዋል?» የበራችን ግርጌ የመንገድ ውሻ አንገቱን የሚያስገባበት ክፍተት እንዳለው፣ መቻልም ሌሊት ሌሊት እዚያ ከሚመጡት ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ እንደሚገናኝ አልነገርኋቸውም፤ ያለችውን አንድ ማኅበራዊ ኑሮ በሲሚንቶ እንዳይደፍኑበት ብዬ። ሉዊ ፓስተር በውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ የከተበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። የክትባቱ ወሬ 140 ዓመት ተጉዞ ጋሼ ቤት አልገባም። ምናልባት በሩ ድረስ መጥቶ ጽሑፉን አንብቦ ተመልሶ ይሆናል።

ባለፈው ክረምት የሰንሰለቱ ቀለበት በዝገት ተበልቶ ተበጠሰ። መቻል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ሮጠ። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ዙሩ ሳይሆን አይቀርም ያደናገረው፣ ቀጥ ያለ መንገድ አያውቅም። በዚህ መካከል እኔ የልብስ ሳፋ ይዤ ከክፍሌ ብቅ አልሁ። ባቴን ያዘኝ።

የጋሼ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን አድርገኸው ነው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ አልነበረም፤ ኩራት ነበር። «አየህ? ኃይለኛ ነው አላልሁህም?» በስድስት ዓመት ውስጥ በበሩ ላይ የተጻፈው ነገር እውነት ሆኖ የተገኘበት ብቸኛው ቀን ስለነበር ደስታቸውን ላበላሽ አልፈለግሁም። እትዬ የተፈጨ ቡና ይዘው ደረሱ፤ ቁስሉ ላይ ሊነሰንሱ። አንዲት ጎረቤት ለእብድ ውሻ ቅጠል የሚያውቅ ሰው እንዳለ ነገሩኝ። ሁሉንም አመስግኜ ቧንቧው ሥር ተቀመጥሁና ባቴን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ አጠብሁት። ጋሼ የውሃውን ቆጣሪ እያዩ ዝም አሉ፤ ቻሉት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እኔ ሳይሆን ስለ መቻል ነው። ተከትቧል? አልተከተበም። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት እንደሚቻል ነግሮኝ መርፌውን በዚያው ቀን አስጀመረኝ። እትዬ ከክንድ ላይ መሆኑን ሲሰሙ ናቁት፤ በእርሳቸው ዘመን ፓስተር ኢንስቲትዩት ተሂዶ በየቀኑ ሆድ ላይ ነበር የሚወጋው። ሐኪሙ አንድ ነገር ጨመረልኝ፦ ውሻው እንዳይገደል፣ እንዳይጠፋም፤ 10 ቀን በዓይን ይጠበቅ። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስህ በሽታው በምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው፤ የቀረውን መርፌ እንተወዋለን።

እንግዲህ የመቻል ወርቃማ ዘመን የሚባለው ይህ ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጤንነቱ እንቅልፍ የሚነሣው ሰው አገኘ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ወደ መስኮቱ እሮጣለሁ፤ ቆሟል? ውሃ ይጠጣል? ለሃጩ ይዝረበረባል? ውሃው ቆሽሾ ጠጣ አልጠጣ መለየት ስላልቻልሁ ዕቃውን አጥቤ ንጹህ ውሃ ሞላሁለት። የምግብ ፍላጎቱን ለመከታተል ያለ ሚጥሚጣ፣ ያለ ሽንኩርት የሚበላ ነገር አቀረብሁለት። በአምስተኛው ቀን ፀሐይ መታውና ሲያለከልክ ባየው ልቤ ስለወደቀ ከቆርቆሮ ጥላ ሠራሁለት። ራሴን ስንቅና ትጥቅ ይዤ የጠላት ሰፈር የምጠብቅ ቃፊር አድርጌ ነበር የጀመርሁት። በሰባተኛው ቀን ስሙን በለሆሳስ ስጠራው ያዝሁት ራሴን። በዘጠነኛው ቀን ጅራቱ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ የበሽታው ምልክት መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ጅራቱ እንደሚወዛወዝ አላውቅም ነበርና።

በ11ኛው ቀን ሐኪሙ የቀሩትን መርፌዎች ሰረዘልኝ። መቻልም በዚያው ቀን ተሰረዘ። ጅራቱን ሲወዘውዝልኝ ጋሼ ከበረንዳ አይተዋል። «አባለግኸው» አሉኝ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። «ስድስት ዓመት የለፋሁበትን ውሻ በ10 ቀን አባለግኸው! እንዲህማ ከሆነ እንደ ጃንሆይ ውሻ እንደ ሉሉ ጭንህ ላይ አስቀምጠው።» የምመልሰው ቃል አጥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከልቤ ነው፤ የሰው ሙያ ማበላሸት ነውር ነው።

ችግሩ ግን ወዲያው መላ ተገኘለት። ከወንዙ ማዶ አንዲት ውሻ አምስት ወልዳ ነበር። ጋሼ አንዱን ወንድ በካርቶን ይዘው መጡ። አራቱን ሴቶች የውሻዋ ባለቤት በማዳበሪያ አድርገው ማለዳ ወንዝ ዳር ወስደው እንደጣሏቸው ሲነግሩኝ ፊቴ መለዋወጡን አይተው አጽናኑኝ፦ «እዚያ አካባቢ ሥጋ ቤት አለ፤ አይራቡም።» ቡችላው ገና አልታሰረም። ቀን ቀን መቻል ክብ ውስጥ ገብቶ በሠራሁት ጥላ ሥር በፊት እግሮቹ መካከል ይተኛል፤ መቻልም እንዳይቀሰቅሰው ዙሩን አቁሟል። በዚህ ሳምንት ደግሞ ጋሼ ጠርተውኝ በግቢው ጥበቃው በእጥፍ ስለተጠናከረ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ኪራዩ ላይ ትንሽ እንደሚጨመር አሳወቁኝ። ቀዩን ቀለም ገዝተዋል፤ «ውሻ አለ» የሚለውን «ውሾች አሉ» ሊያደርጉት ነው።

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጆቻቸው የመጥረጊያው እንጨት ጠፋብን ብለው ግቢውን ሲያምሱት ነበር። የእኔንም በር አንኳኩተው ጠየቁኝ። አልጋዬ ሥር እንዳለ አልነገርኋቸውም።